ታህታቸው የተለያየ ድብልቅ ክፍልፋዮችን ስትደምሩ በየትኛው መንገድ ነው የምትሰሩት?

ጣውላና_እርሳስ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሒሳብ ላይ እጃችሁ ያለ ሰዎች እስቲ አንዴ ጎራ በሉልኝ። መደርደሪያ እየሰራሁ ነው፣ ሙያተኛ አይደለሁም እንዲሁ ለራሴ ነው፣ ፕላኑን ያወረድኩት ከኢንተርኔት ስለሆነ ልኩ ሁሉ በኢንች ነው፣ በዛ ላይ አንድም ድፍን ቁጥር የለውም። ካንድ 96 ኢንች ጣውላ ሶስት ቁራጭ ማውጣት አለብኝ፣ 27 3/4፣ 31 5/8 እና 33 3/16። የሚተርፈው 3 1/4 ኢንች ከሞላ ደግሞ አንዷን ትንሽዬ ድጋፍ ከሱው ላይ ቆርጬ እገላገላለሁ፣ ካልሞላ ሌላ ጣውላ መንካቴ ነው።

ጭቅጭቁ የተነሳው እዚህ ጋ ነው። እኔ ድሮ እንደተማርኩት ሙሉ ቁጥሩን በታህቱ አባዝቼ፣ ላዕሉን ጨምሬ፣ ሁሉንም ወደ 16 አምጥቼ 444/16 + 506/16 + 531/16 አልኩና 1481/16 የሚባል ነገር ላይ ደረስኩ፣ እሱን መልሶ ለ16 ማካፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ስራ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ "ምን ያደክምሃል፣ በስልክህ ወደ አስርዮሽ ቀይረህ አትደምረውም?" ይላል። አንድ ጓደኛችን ደሞ ሙሉው ለብቻ ክፍልፋዩ ለብቻ ነው የሚደመረው ብሎ ድርቅ አለ። ግን ለብቻ ስደምረው ክፍልፋዩ ከ1 ይበልጣል፣ እሱን ምን ላርገው? ከሁሉም በላይ ግን ድጋፏ ትወጣለች ወይስ አትወጣም?

ሲሶ_ለአራት፦

ጓደኛህ ልክ ነው። ያንተም ልክ ነው፣ ልፋቱ ግን ይበዛል። ድብልቅ ቁጥር ማለት እኮ የመደመር ምልክቱ ሳይጻፍ የቀረ ድምር ነው፣ 27 3/4 ስትል 27 እና ተጨማሪ 3/4 እያልክ ነው። ስትደምር ደግሞ ማን ከማን ቀደመ ለውጥ የለውም፣ ስለዚህ ድፍኖቹን ባንድ ወገን ክፍልፋዮቹን ባንድ ወገን ሰብስባቸው፦

27 + 31 + 33 = 91
3/4 + 5/8 + 3/16 = 12/16 + 10/16 + 3/16 = 25/16

25/16 ከአንድ በለጠ ብለህ አትደንግጥ። ከሱ ውስጥ 16/16ቱ አንድ ድፍን ኢንች ነው፣ ወደ 91 ይሻገራል፣ የሚቀርህ 9/16 ነው። ድምሩ 92 9/16። ያንተንም 1481 ለ16 ብታካፍለው 92 ደርሶ 9 ይተርፋል፣ ያው ነው።

ከ96 ስትቀንስ ደሞ ከ96ቱ ላይ አንድ ኢንች ትበደርና 95 16/16 ታደርገዋለህ፣ ከዛ 95 16/16 - 92 9/16 = 3 7/16። ድጋፏ 3 1/4 ማለት 3 4/16 ናት፣ ስለዚህ ትወጣለች፣ እንዲያውም 3/16 ኢንች ይተርፍሃል።

መስመር_ቆጣሪ፦

ወረቀቱን ራሱ ምን ያደርግልሃል፣ ሜትርህን ዘርጋና እያት። አብዛኛው ባለ ኢንች ሜትር እያንዳንዱን ኢንች በትናንሽ መስመር 16 ቦታ ከፍሎታል። 3/4 ማለት 12 መስመር፣ 5/8 ማለት 10 መስመር፣ 3/16 ማለት 3 መስመር። 12 እና 10 እና 3፣ 25 መስመር። 16 መስመር ሲሞላ አንድ ኢንች ነው፣ 9 መስመር ተረፈ፣ አለቀ። የጋራ ታህት ፈልጉ እየተባልን ስንት የተሰቃየንበት ነገር እዛው ሜትሩ ላይ ታትሞ ተቀምጧል እኮ።

አስርዮሽ_ይሻላል፦

ይቅርታ ግን ወንድሙ ምን አጠፋ? 27.75 + 31.625 + 33.1875 = 92.5625። አስር ሰከንድ አይፈጅም። ክፍልፋይ ማለት ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ለነበሩ ሰዎች ነው 😄

ሲሶ_ለአራት፦

@አስርዮሽ_ይሻላል እሺ፣ 92.5625 እስቲ ሜትሩ ላይ አሳየኝ? .5625 የሚል መስመር የለውም፣ መልሰህ በ16 ማባዛት አለብህ፣ 0.5625 × 16 = 9፣ ስለዚህ 9/16። ሄደህ ሄደህ እዛው ነው የመጣኸው። ደሞ እዚህ እድለኛ የሆንከው ታህቶቹ 4፣ 8 እና 16 ስለሆኑ ነው፣ እነሱ በአስርዮሽ ሲጻፉ የሆነ ቦታ ላይ ያልቃሉ። ሲሶ ቢገባበት 0.3333 እያለ ማለቂያ የለውም፣ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥህ አይቀርም፣ ስትቆርጥ ደሞ ስህተቷ ትገባለች።

ምሳሌ ልስጥህ። 1 1/2 ሊትር፣ 2 2/3 ሊትር እና 3/4 ሊትር ውሃ ባንድ ባለ 5 ሊትር እቃ ይገባል ወይ? ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከነጥቡ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ብቻ ይዘህ ካጠጋጋህ 1.5 + 2.7 + 0.8 = 5.0፣ አፍ እስከ አፍ ሞላ ማለት ነው፣ ትንሽ ቢነቀነቅ ይፈሳል ብለህ ትፈራለህ። በክፍልፋይ ስትሰራው የጋራ ታህቱ 12 ነው፣ 6/12 + 8/12 + 9/12 = 23/12፣ ማለትም 1 11/12፣ ከ1 እና ከ2 ጋር 4 11/12። ገና 1/12 ሊትር ቦታ አለህ፣ ወደ 83 ሚሊ ሊትር ገደማ።

አስርዮሽ_ይሻላል፦

ሁለት ወይ ሶስት ቁጥር ከነጥቡ በኋላ ብይዝ ኖሮ እኮ 4.917 ይመጣልኝ ነበር። ጥፋቱ ያጠጋጋው ሰው እንጂ የአስርዮሽ አይደለም። ግን እሺ፣ ሜትር ላይ ለሚቆርጥ ሰው ክፍልፋይ እንደሚቀል ይገባኛል፣ እኔ ሁሌ በሚሊ ሜትር ስለምሰራ ነው። እንዲያውም ጠያቂው ለምን ሁሉንም በ25.4 አባዝቶ በሚሊ ሜትር አይጨርሰውም? 705፣ 803 እና 843 ብሎ ደምሮ 2351 ሚ.ሜ፣ ጣውላው 2438 ነው፣ 87 ይተርፋል፣ ድጋፏ 82.55 ናት።

መስመር_ቆጣሪ፦

ይሄም ያስኬዳል፣ ግን ከጀመርክ ሁሉንም በሚሊ ሜትር ጨርስ። ግማሹን በኢንች ግማሹን በሚሊ እየለኩ የሚሰራ ነገር መጨረሻው አይገጥምም።

ግራ_ገባኝ፦

ሰላም፣ የሰው ጥያቄ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ግን ጉዳዩ ስለሚቀራረብ ነው። ታናሽ እህቴን ሳስጠናት 2 5/6 + 1 3/8 የሚል መጣ። እሷ ላዕሉን ከላዕል ታህቱን ከታህት ደምራ 3 8/14 አለችኝ። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ ግን "ለምን አይሆንም? ስናባዛ ላዕል በላዕል ታህት በታህት አይደል እንዴ?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። እና የጋራ ታህቱ 48 ነው 24? መጽሐፉ 24 ይላል እኔ 6ን በ8 አባዝቼ 48 ነው ያልኳት።

ቁጥር_በቁጥር፦

@ግራ_ገባኝ እህትሽ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፣ "ህጉ ስለሆነ ነው" ብለሽ እንዳታልፊያት። መጀመሪያ መንገዷ ለምን እንደማይሰራ በራሷ አይን ትየው፣ 1/2 + 1/2 በሷ መንገድ 2/4 ይሆናል፣ ማለትም ግማሽ ሲደመር ግማሽ መልሶ ግማሽ። እዚህ ላይ ራሷ ትስቃለች። የራሷንም መልስ እይው፣ 8/14 ከ5/6 ያንሳል። በ5/6 ላይ ሌላ ነገር ጨምረሽበት እንዴት ያንሳል?

ከዛ ምክንያቱን። ታህት እኮ የሚደመር ብዛት አይደለም፣ የቁራሹ ስም ነው። 5/6 ማለት "ስድስተኛ" የሚባል ቁራሽ 5 አለኝ ማለት ነው፣ 3/8 ደሞ "ስምንተኛ" የሚባል ቁራሽ 3። ባንድ ላይ 8 ቁራሽ አለሽ፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን የምን 8? አምስቱ ተለቅ ያሉ ናቸው ሶስቱ አነስ ያሉ። አንድ ስም ሊሰጣቸው የሚችለው ሁለቱንም ሳይተርፍ ሳይጎድል ወደሚለካ ትንሽ ቁራሽ ሲቀየሩ ነው። ሃያ አራተኛ ያንን ያደርጋል፣ አንዱ ስድስተኛ 4 ሃያ አራተኛ ነው፣ አንዱ ስምንተኛ 3 ሃያ አራተኛ። ስለዚህ 5/6 = 20/24፣ 3/8 = 9/24፣ ድምሩ 29/24 = 1 5/24፣ በ2 እና በ1 ላይ ሲጨመር 4 5/24።

48 ያልሽው ስህተት አይደለም። 40/48 + 18/48 = 58/48 = 1 10/48፣ ሲቃለል 1 5/24። ዞሮ ዞሮ እዛው ነው፣ መጨረሻ ላይ የማቃለል ስራ ብቻ ይጨመራል። 24 የመጣው 6 እና 8 ሁለቱም ለ2 ስለሚካፈሉ ነው፣ በትንሹ የጋራ ብዜት መስራት ማለት ይሄ ነው። እኔ በጭንቅላቴ የማደርገው ትልቁን ታህት እየደረቡ መሄድ ነው፣ 8 ለ6 ይካፈላል? አይ። 16? አይ። 24? አዎ፣ በቃ እሱን ያዝ።

ማባዛቱ ሌላ ነገር ነው። ሲሶ የሩብ ስትይ ሩቡን ሶስት ቦታ እየከፈልሽ ስለሆነ ቁራሹ ራሱ ይቀየራል፣ አስራ ሁለተኛ ይሆናል፣ ለዛ ነው ታህቶቹ የሚባዙት። ስንደምር ግን ማንም ምንም አልቆረጠም።

ግራ_ገባኝ፦

"የቁራሹ ስም" ያልከው በጣም ይገባታል ብዬ አስባለሁ 🙏 ግን ሌላ ጥያቄ አላት፣ ይሄንን የት ነው የምጠቀመው ትላለች። ስድስተኛ እና ስምንተኛ እየደመረ የሚኖር ሰው አለ ወይ?

ቁጥር_በቁጥር፦

ስድስተኛ እና ስምንተኛ አንድ ላይ እንኳን ብዙ አይገጥምም፣ እውነቷን ነው። ሲሶ፣ ሩብ እና ስድስተኛ ግን ሰዓት ላይ ሞልቷል። አንድ ስራ 2 3/4 ሰዓት ሌላው 1 5/6 ሰዓት ቢፈጅ ጠቅላላው ስንት ነው በያት። በክፍልፋይ 9/12 + 10/12 = 19/12 = 1 7/12፣ በጠቅላላ 4 7/12 ሰዓት። አሁን ያለ ክፍልፋይ ትስራው፣ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እና 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ደቂቃዎቹ 95 ሆኑ፣ 60ው አንድ ሰዓት ሆኖ ተሻገረ፣ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። 7/12 ሰዓት ደሞ ልክ 35 ደቂቃ ነው። ይሄን ስሌት ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚሰራው ነው፣ ደቂቃ ማለት ታህቱ 60 የሆነ ክፍልፋይ መሆኑን ስላላወቀ ነው እንጂ የጋራ ታህት እያገኘ ነው የሚውለው።

60 የተመረጠውም በከንቱ አይደለም፣ የጥንት ባቢሎናውያን በ60 ነበር የሚቆጥሩት፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ ሰዓታችን ውስጥ የቀረው። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15 እያለ ያለ ትርፍ ይካፈላል፣ ስለዚህ ግማሽም ሲሶም ሩብም አምስተኛም ብትይ ድፍን ደቂቃ ነው የሚመጣልሽ። አንድ ጫማ 12 ኢንች መሆኑም እንደዛው ይጠቅማል፣ 2 2/3 ጫማ እና 3 3/4 ጫማ ደምሩ ስትባሉ ክፍልፋይ ከምትጽፉ 32 ኢንች እና 45 ኢንች በሉ፣ 77 ኢንች፣ 6 ጫማ ከ5 ኢንች። በክፍልፋይ ብትሰሩት 6 5/12 ጫማ ነው የሚወጣው፣ አስራ ሁለተኛዎቹ ኢንቾቹ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ የልኬት ጥያቄ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ታህቶቹን ሳይሆን መለኪያውን ነው። ሁለቱንም በድፍን የሚቆጥር ትንሽ መለኪያ ካለ (ደቂቃ፣ ኢንች፣ የሜትሩ ትንሿ መስመር) ወደሱ ወርጄ በድፍን ቁጥር ደምሬ እመለሳለሁ። ከሌለ ነው ትንሹን የጋራ ብዜት ፍለጋ የምገባው።

መጋዝ_በጄ፦

ሒሳቡን በደንብ አስረዳችሁት፣ ግን ልጁን ልታስቆርጡት ነው 😅 ጠያቂ ወንድሜ እንዳትቆርጥ ቆይ!

ሁላችሁም የረሳችሁት መጋዙ ራሱ እንጨት እንደሚበላ ነው። እየቆረጥክ ሰጋቱራ የሚበተነው ከየት የመጣ መሰላችሁ፣ ከጣውላው ነው። የብዙ ማሽን መጋዝ ዲስክ 1/8 ኢንች ገደማ ይበላል። ሶስት ቁራጭ ከረዥም ጣውላ ለማውጣት ሶስት ጊዜ ነው የምትቆርጠው፣ ስለዚህ 3/8 ኢንች በሰጋቱራ ይሄዳል። ይሄንንም ደምረው፦

92 9/16 + 3/8 = 92 9/16 + 6/16 = 92 15/16

96 ሲቀነስ 92 15/16 ስንት ነው፣ 3 1/16። ድጋፍህ 3 4/16 ናት። በ3/16 ኢንች አነሰችህ፣ በሚሊ ሜትር ወደ 5 ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ስትሰራ 3/16 የሚተርፍህ፣ በመጋዝ ስትቆርጥ 3/16 የሚጎድልህ ሆነ።

ሌላው፣ ሶስቱንም መስመር ባንዴ አስምረህ አትቁረጥ። አንዱን ለክተህ ቁረጥ፣ ቀጣዩን ከአዲሱ ጫፍ ተነስተህ ለካ፣ አለበለዚያ መጋዙ የበላው ከሚቀጥለው ቁራጭ ላይ ይቀነስና ሁለተኛውና ሶስተኛው አጥረው ይወጣሉ። እና መስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ውጭ፣ በሚቀረው እንጨት በኩል ነው ዲስኩ የሚገባው።

ጣውላና_እርሳስ፦

ኧረ በስማም፣ እርሳስ ይዤ ልጀምር ነበር እኮ! ግን ሶስት ቁራጭ ለማውጣት ሁለት ጊዜ መቁረጥ አይበቃም? አንድን ነገር ሶስት ቦታ ለመክፈል ሁለት ጊዜ ነው የሚቆረጠው።

መጋዝ_በጄ፦

ሶስት ቦታ ብቻ ቢሆንማ ሁለት ይበቃ ነበር። አንተ ግን ሶስት ቁራጭ እና አንድ ትርፍ ነው ያለህ፣ አራት ቦታ ማለት ነው፣ ሶስተኛዋ ቆረጣ 33 3/16ቱን ከትርፉ የምትለየው ናት። ከሶስቱ ውስጥ አንዷን እንኳን ብትረሳ 1/8 ይሳሳትብሃል።

አስርዮሽ_ይሻላል፦

እኔም 87 ሚ.ሜ ይተርፋል ስል መጋዙን አላሰብኩትም። ሲቀነስ 77.8 ገደማ ነው የሚሆነው፣ ድጋፏ 82.55። አዎ አትወጣም።

ቁጥር_በቁጥር፦

ይቺ ጥሩ ነች፣ ለ@ግራ_ገባኝ እህትም ትሁን። ደሞ አንድ ነገር፣ ከመቁረጡ በፊት በግምት መፈተሽ ልመዱ። 27 3/4 ወደ 28፣ 31 5/8 ወደ 31 ተኩል፣ 33 3/16 ወደ 33 አድርጋችሁ ስትደምሩ 92 ተኩል አካባቢ ነው። የሰራችሁት 92 9/16 ከሱ ጎን ነው፣ ጥሩ። 82 ወይም 94 ቢመጣላችሁ የሆነ ቦታ መሻገር የነበረበት አልተሻገረም ወይም ሁለቴ ተሻግሯል ማለት ነው። ግምት ግን 1/16ን አያይም፣ ትልቁን ስህተት ብቻ ነው የሚይዘው።

ቅጂ_አስተካካይ፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ሙሉውን ለብቻ ክፍልፋዩን ለብቻ የሚለው መንገድ ለመደመርና ለመቀነስ ነው። ስፋት ስታሰሉ እንዳትጠቀሙበት። 2 1/2 ሜትር በ1 1/3 ሜትር የሆነ ወለል 2 × 1 እና 1/2 × 1/3 ተብሎ 2 1/6 ካሬ ከተባለ ከወለሉ ላይ ከአንድ ካሬ በላይ ጠፍቷል። እዛ ጋ ነው የጠያቂው የድሮ መንገድ የሚያስፈልገው፣ 5/2 × 4/3 = 20/6 = 3 1/3 ካሬ ሜትር። በድፍን ቁጥር ስታባዙ ግን ችግር የለውም፣ ባለ 13 3/8 ኢንች 4 ቁራጭ ካስፈለገ 4 × 13 = 52፣ 4 × 3/8 = 12/8 = 1 1/2፣ ድምሩ 53 1/2።

ጣውላና_እርሳስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ሄጄ ጣውላውን ራሱን ለካሁት፣ 96 አይደለም 96 1/8 ነው! ይሄስ ያድነኛል?

ሲሶ_ለአራት፦

96 1/8 = 96 2/16፣ ከ2/16 ላይ 15/16 ስለማይቀነስ አንድ ኢንች ተበደርና 95 18/16 በለው። 95 18/16 - 92 15/16 = 3 3/16። ድጋፏ 3 4/16። በአንዲት መስመር አነሰችህ 🤦

መጋዝ_በጄ፦

ቀጭን ዲስክ ፈልግ፣ 1/16 ብቻ የሚበላ አለ። ሶስት ቆረጣ 3/16 ነው፣ 92 9/16 + 3/16 = 92 12/16 = 92 3/4። 96 1/8 ሲቀነስ 92 3/4፣ 3 3/8 ይቀርሃል። ድጋፏ 3 1/4 ናት፣ ስለዚህ 1/8 ትርፍ አለህ፣ ከሱ ላይ እሷን ለመቁረጥ 1/16ቱ ይበላል፣ 1/16 ደሞ ጫፏን በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል ይበቃሃል። ግን ዲስኩ የሚበላውን በወሬ አትመን፣ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ አንዴ አስገባውና የተከፈተውን በሜትር ለካው፣ ከዛ የመጣልህን ቁጥር በሶስት አባዝተህ እንደገና ደምር።